በዩኒፎርሙ ጠርዝ የተሰፋው ክኒን

ባፊያ፣ ቅዳሜ ማርች 3 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

ለውድ ባለቤቴ ለአኒሴ፣

እንደምን ከርመሃል? የሊብረቪል ሙቀትና የእንጨት ፋብሪካው አቧራ እንዴት አድርጎሃል? ስልክህ ከገና ወዲህ ስለማይነሳ በወረቀት መጣሁብህ። የሚያደርስልህ የጭነት መኪና የሚነዳው የወንድሜ ልጅ ነው። እሱን አታስጠብቀው፤ መልስ ካለህ ጽፈህ ስጠው፣ ከሌለህም ደርሶኛል በለውና ይመለስ።

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ለማን ብዬ እዋሻለሁ? ፈርቻለሁ አኒሴ። ነገሩ የልጃችን የኤድዊዥ ነው።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልነገርኩህም። ያኔ ቤት ውስጥ ስትወድቅ ያየሃት ልጅህ፣ በዓመቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወደቀች። የተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ባንዴ ባዶ ሆነ። በማግስቱ ወላጆች መጥተው ተማሪው ሁሉ ከበርሜል ውኃ የሚጠጣበትን ጣሳ ወስደው ጣሉት። አስተማሪዋ ራሷ ደብተሯን በማስመሪያ ጫፍ ገፍታ ነው ያቀበለቻት። የሚጥል በሽታ በምራቅ ይተላለፋል ሲባል እኔና አንተም ያደግንበት ነውና ማንን እወቅሳለሁ? ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ስለዚህ ማንም ወደማያውቀን ሰፈር ቤት ቀየርኩና መነኩሲቶቹ ሲስተሮች የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አስገባኋት። ሃያ ሁለት አንቀጽ ያለው የሥነ ምግባር ደንብ ሰጡኝ። ጸጉር በአጭሩ ይቆረጥ፣ ካልሲ ነጭ ይሁን፣ በሰልፍ ላይ ወሬ የለም፤ ሁሉንም ፈረምኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጅዎ ሕመም አለባት ወይ የሚል ጥያቄ ነበረበት። የለባትም ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ ሐሰት የጻፈ ወላጅ ልጁ ትሰናበታለች ይላል። አንብቤዋለሁ፤ አላየሁም አልልህም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅ ኖርን። ክኒኗን ከሚሲዮኑ ጤና ጣቢያ አመጣለሁ፤ ጠዋት አንድ፣ ቀትር አንድ፣ ማታ አንድ ትውጣለች። ለቀትሩ በዩኒፎርሟ ጠርዝ ውስጥ ትንሽ ኪስ ሰፍቼላት በየቀኑ አንዲት ፍሬ እከትበት ነበር። ባለፈው እሁድ ግን በቅጠል ጠቅልዬ ለምቀቅለው ቦቦሎ የሚሆን ካሳቫ ልገዛ ኦምቤሳ መሄዴ ነበር፤ እዚያ አድራለሁ። እህትህ ኮሌት ደግሞ ልትጠይቀን መጥታ ቤት ውስጥ አለች። የኮሌትን እጅ ታውቀዋለህ፤ ያልከፈተችው ሣጥን አያስተኛትም። እንዳታገኘው ብዬ የእሁዱን ማታና የሰኞውን ጠዋት ለኤድዊዥ በእጇ ሰጠሁና፣ የቀረውን የዐሥራ ሦስት ቀን ክኒን እንዳለ በጨርቅ ጠቅልዬ ጠርዙ ውስጥ ሰፋሁት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ እዚህ ትራሞል የሚሉት ክኒን የልጆቹን ጭንቅላት አዙሮታል። የሕመም ማስታገሻ ነው ይላሉ፤ እነሱ ግን እየቆረጠሙት ይሰክሩበታል። ባለፈው ወር አንዱ ተማሪ ያንን ውጦ አስተማሪውን በኮምፓስ ወጋ። ከዚያ ወዲህ ክኒን የተገኘበት ተማሪ ይባረራል የሚል ሃያ ሦስተኛ አንቀጽ ተጨመረ፤ እሱንም ፈርሜያለሁ። ሰኞ ጠዋት ድንገተኛ ፍተሻ ሆነ። የሥነ ምግባር ኃላፊዋ ሲስተር ኦዲል ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሳቸውን አይቼው የማላውቅ ሴትዮ። የኤድዊዥን ጠርዝ ዳሰሱት፤ ሲያብጥባቸው በመቀስ ተረተሩት። ሠላሳ ዘጠኝ ክኒን ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

የምንድን ነው ሲሏት ዝም። ማን ሰጠሽ ሲሏት ዝም። ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ አፏን የለጎምኩት እኔው ነኝ፤ ልጅህ ደግሞ ቃሏን አትበላም። ዐርብ የሥነ ምግባር ጉባኤ ፊት ከወላጅሽ ጋር ቅረቢ ብለው ወረቀት ሰጥተው ሰደዷት።

ጭንቄ ይታይህ። እውነቱን ብናገር ሐሰት ጽፌያለሁና ትባረራለች። ዝም ብል ሱሰኛ ተብላ ትባረራለች። ከዚህ ሁሉ የባሰው ክኒኑ የለም። ጤና ጣቢያ ሮጬ ሄድኩ፤ ነርሷ ከያውንዴ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ እስከዚያ ያለሽን በጥንቃቄ ስጪ፣ ድንገት ካቋረጠች አደገኛ ነው አለችኝ። የቱን ያለኝን? ማክሰኞ ልጄን ዐይን ዐይኗን እያየሁ ዋልኩ። ማንኪያ ከእጇ ሲወድቅ እኔ ብድግ እላለሁ። ረቡዕ አላስችል ብሎኝ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄድኩና፣ ዘበኛው ምን ፈልገሽ ነው ሲለኝ አድራሻ ተሳስቼ ነው ብዬው ተመለስኩ። ሁለት ዓመት ልጄን ያደረስኩበት በር ነው እኮ።

ማታ ለሲስተር እውነቱን ልነግራቸው ነው አልኳት።

«ተይው ማማ» አለችኝ። «ሱሰኛ ይበሉኝ። ከሱሰኛ ጋር ሰው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል።»

ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ዐርብ ቀረብን። ሲስተር ኦዲል፣ አንድ አስተማሪና የወላጆች ተወካዩ አቶ ቢዲያስ በረጅም ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። የአቶ ቢዲያስ ልጅ የኤድዊዥ የወንበር ጓደኛ ናት። ክኒኖቹ ሳህን ላይ ተቀምጠው ሳይ ዘልዬ አንዲት ፍሬ አፏ ውስጥ ልከት ፈልጌ ነበር። ሲስተር ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሻለሁ፣ ይህ ምንድን ነው አሏት። ኤድዊዥ ወደ እኔ ዞረች። እናገራለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ዐይኖቿ ወደ ላይ ሄዱ። ከዚያ ወደቀች።

አቶ ቢዲያስ ወንበሩን ገልብጦ በር ላይ ደረሰ፤ አፍና አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። አስተማሪው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሲስተር ኦዲል ግን ተንበረከኩ። ሹራባቸውን አውልቀው ከጭንቅላቷ ሥር አደረጉ፤ በጎኗ አዙረው ያዟት፤ ከአፏ የሚወርደውን በእጅጌያቸው ጠረጉት። ስሟን ቀስ ብለው እየጠሩ እስክትነቃ ድረስ ከወለሉ አልተነሡም።

አቶ ቢዲያስ ከበር ሆኖ ልጄ ከዚህች ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው እያለ ይጮኻል።

«አቶ ቢዲያስ» አሉት ቀና ሳይሉ፣ «አንቀጽ አራት ተማሪ የወደቀ ጓደኛውን ጥሎ አይሄድም ይላል። እርስዎም ፈርመዋል።»

እሱም ሰኞ ልጄን አወጣለሁ፣ ሌሎቹም ይከተሉኛል ብሎ ሄደ። ማድረጉ አይቀርም፤ አፉ የሚሰማ ሰው ነው። ሲስተር የምን ክኒን እንደሆነ ስነግራቸው በሙሉ መለሱልኝና አንዷን በራሳቸው ብርጭቆ አስዋጧት። ለሐሰቱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን አሉኝ፤ ልጅቷ ግን ሰኞ ትመጣለች። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ ተማሪውም ወላጁም ባለበት፣ ስትወድቅ ምን እንደሚደረግ ሊያስተምሩ ነው።

«እርስዎ ነዎት የሚያሳዩዋቸው» አሉኝ። «እኔን መነኩሲት ናት፣ ልጅ የላትም ይሉኛል። የእናት እጅ ሲነካት ካዩ ነው የሚያምኑት። መቼም ቤት ውስጥ የሚይዟት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ሲስተር፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

አኒሴ፣ ያን ጊዜ የጻፍኩት ሐሰት አልከበደኝም። ይኸኛው ግን ከትላንት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። እኔ ልጄን ይዣት አላውቅም። ስትወድቅ አንሶላ ጣል አደርግባትና በሩ ላይ ቆሜ እስኪያልፍላት እጸልያለሁ። ስትነቃ ውኃ በእግሬ ገፋ አድርጌ አስጠጋላታለሁ። እሷም አንድ ቀን ለምን ብላኝ አታውቅም። አንተን ስንት ጊዜ በልቤ ረግሜሃለሁ፤ እኔ ግን እስከ በሩ፣ አንተ እስከ ሊብረቪል ነው የሄድነው። ልዩነታችን መንገዱ ነው።

ሰኞን እፈራዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው ይሰበሰባል። ባዶ ወንበር ይጠብቃት ይሆናል። እጄ እምቢ ቢለኝስ? ሁሉም ፊት ወደ ኋላ ብሸሽስ? እሷ እያየችኝ?

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ኮሌትን ገበያ ላክኳትና ኤድዊዥን ምንጣፉ ላይ ተኚ አልኳት። ለምን ሳትለኝ ተኛች፤ ዐይኗን ጨፈነች። አጠገቧ ተንበረከክሁ። ሲስተር እንዳደረጉት ሻሼን ከጭንቅላቷ ሥር አደረግሁ፤ ትከሻዋን ይዤ በጎኗ አዞርኳት። ከንፈሯን በመዳፌ ጠረግሁት። ትንፋሿ እጄ ላይ ይሞቃል። ጨረስኩና ተነሺ አልኳት።

አልተነሣችም።

«ገና አልቻልሽበትም ማማ» አለችኝ ዐይኗን ሳትገልጥ። «ድገሚው።»

ዘጠኝ ጊዜ አስደገመችኝ።

ክኒኑ እዚያ ከተገኘ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፌ አያይዤልሃለሁ፤ ገዝተህ በዚሁ ልጅ ላክልን። ሌላ አልጠይቅህም። እመቤታችን ከመጋዙ ስለትና ከክፉ ሰው ትጠብቅህ፤ ለእኛም ከሰኞ በኋላ ያለውን ማክሰኞ በሰላም ታሳየን። ኤድዊዥ ደህና ነው ወይ ብላ ጠይቃሃለች።

ሚስትህ ፔርፔቱ