መጨረሻው የተሰፋው መጽሐፍ፦ የመምህር ተስፋሁን ይርዳው የሕይወት ታሪክ

መምህር ተስፋሁን ይርዳው ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ኪዳንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተዋበች ሀይሉ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም. በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ከፍ ብሎ በሚገኝ መንደር ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአርብ ገበያ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በንፋስ መውጫ ተከታተሉ።

በንፋስ መውጫ ሳሉ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ማንበብ ጀመሩ። ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ የተሳለበት መጽሐፍ ይዘው ሲመጡ እናታቸው ደነገጡ፤ ልጄን ደም ያስለምድብኛል ብለው ገብስ ጎታ ውስጥ ቀበሩት። ውስጡ የሚለውን ራሳቸው አንብበው ለማወቅም በ1992 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት ገቡ።

መምህር ተስፋሁን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ አስተማሩ። በ2003 ዓ.ም. ወይዘሮ እመቤት ደምሌን በተክሊል አግብተው ገነትንና እሸቱን ወልደዋል።

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ታሪክንና በሥነ ጽሑፍ ያለውን ደረጃ መረጡ። «ይኼ የመንገደኛ ንባብ ነው፤ ሌላ ፈልግ» ቢባሉም አልተዉትም። ይህ ልብ ወለድ ብዙው በትርጉም እንደመጣ፣ በርካሽ ወረቀት ታትሞ በአውቶቡስ ተራ ስለተሸጠ እንደተናቀ ጻፉ። ሆኖም በሬ ሲሰረቅ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ ሳይገባ የሚጠያየቅበት አውጫጭኝ የዚህ ልብ ወለድ ዘመድ ነው አሉ። ሰው በማስረጃ እንጂ በጥላቻ እንዳይያዝ ያስተምራል ሲሉም ደመደሙ። ጥናታቸው በ2009 ዓ.ም. ጸደቀ። እናታቸው አንብበው ለመጨረስ አንድ ክረምት ፈጀባቸው፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልቀበሩም።

የእናታቸው ሥጋት ግን አልለቀቃቸውም። ልብ ወለዱን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ገጽ ይጀምሩ ነበር።

«ማን እንደሚሞት ሳላውቅ ልቤ አያርፍም» ሲሉ፣ መምህር ተስፋሁን «እማ፣ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ አለ እንዴ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። በኋላ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች በመርፌና ክር እየሰፉ ይሰጧቸው ጀመር። ክሩ የሚፈታው እናታቸው ገዳዩን ከነምክንያቱ ሲናገሩ ብቻ ነበር።

መምህር ተስፋሁን ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። እናታቸውም ከሰዓት በኋላ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው አንድ የተሰፋ መጽሐፍ ያነቡላቸው ነበር። ከተሰፉት ቅጠሎች ለመድረስ ሁለት ምዕራፍ ሲቀር፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ42 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እናትና አባታቸው በሐዘን ቀርተዋል።

መጽሐፉ እስካሁን እንደተሰፋ ነው። እናታቸው የቀሩትን ምዕራፎች በተራ አንብበው፣ ገዳዩን ከነምክንያቱ ለገነት ከነገሯት በኋላ ክሩን እሷ ትፈታዋለች።

ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ መምህር ተስፋሁንን በምሕረት ዐይን ይይልን፤ ነፍሳቸውንም በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።