የታዲ ጋርቪ ግራ እጅ

ውድ ሙርቲ፣

ይህን ወረቀት ከመቅደድህ በፊት አንዲት ነገር ብቻ አንብብልኝ፤ ከዚያ እንደ ፈቀድክ አድርገው። የአባታችንን እጅ የሰበርከው አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።

እስካሁን እሳት ውስጥ ካልጨመርከው ልቀጥል።

አባባ በሚያዝያ ሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ሞተ። ከእማማ ጎን ቀበርነው። ከኬሪ፣ ከጎልዌይ፣ ከደብሊን ሳይቀር እንደ አባባ ባለ ስልቻውን የክርን ዋሽንት የሚጫወቱ ሰዎች መጥተው ሬሳውን በየተራ ተሸከሙት። ዝናቡ አላባራም ነበር። ሁሉም አለቀሱ፤ እኔ ብቻ አላለቀስኩም። ሰዎቹ «አይ ኖኒ፣ ኀዘኑ አድርቋት ነው» ሲሉ ሰማሁ። ኀዘን አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉሮሮዬ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር ነው።

የዚያን ቤት ኑሮ ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሲጫወት ጉልበቱ ላይ የሚያነጥፋትን ያቺን ቁራጭ ቆዳ ጀርባህ ያስታውሳታል። በእሷው ነበር የሚገርፈን። እማማ ከሞተች በኋላ ደግሞ ባሰበት። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ዱላ። አህያው አጥር ዘለለ፣ ዱላ። አንተ ሁልጊዜ ከፊት ትቆም ነበር፤ እኔ ከኋላህ ሆኜ ሸሚዝህን እይዝ ነበር።

ያው ሰው ግን ወናፉን በቀኝ ክንዱ፣ ስልቻውን በግራ ክርኑ ሥር አድርጎ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። መጀመሪያ ሦስቱ ወፋፍራም ቱቦዎች እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ይጀምራሉ። ከዚያ ዋሽንቱን ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ብድግ ሲያደርገው፣ የሚወጣው ድምፅ ሊያለቅስ ሲል ራሱን የሚገታ ሰው ድምፅ ነው። ጎረቤቱ ሲጨፍር የወለሉ ድንጋይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ፣ «እጠላዋለሁ፣ እጠላዋለሁ» እያልኩ እንባዬ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን አስተምረኝ አልኩት። «ሴት ልጅ ወናፍ የምትይዘው ለምድጃ ነው» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። አንተንም ቢሆን አስተማረህ እንጂ አላመሰገነህም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

የጥቅምት ገበያ ቀን ነበር። አንተ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ አሥራ ስድስት። አሮጌውን ዋሽንት ይዘህ ገበያው መሐል ጋሪ ላይ ተቀመጥክና እማማ በሞተች ጊዜ አባባ ያወጣትን እንጉርጉሮ ተጫወትክ። እሱ ያቺን ዜማ ለማንም አልሰጠም፤ ሰው ባለበትም ተጫውቷት አያውቅም። አንተ ግን ከግድግዳ ወዲያ እያደመጥክ ለቅመሃት ነበር። ከብት ነጋዴዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት አሮጊት እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከች። እኔ ኩራት ደረቴን ሊያፈነዳው ደርሶ ነበር፤ ደግሞም፣ አልዋሽህም፣ ቅናት።

አባባ መጠጥ ቤት ሆኖ ሰምቶ ኖሯል። ባት ሊዲ፣ ያ የፈረስ ብረት ጫማ የሚመታው አፈኛ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «ታዲ! እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ የሙርቲ አባት ነው!» ብሎት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባባም አብሮ ስቋል ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ ነው የመጣው። በሩን በእግሩ በርግዶ ገባ።

«የሙርቲ አባት መጣ!» አለ።

አንተ የሚቀልድ መስሎህ ፈገግ አልክ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ ልረሳት አልቻልኩም።

«ያቺን እንጉርጉሮ ማን ሰጠህ?»

«ማንም። ከአንተው ሰምቼ ነው፣ አባባ።»

«ሰርቄ ነው በለኛ!»

«እናቴም እኮ ናት» አልከው።

በዱላው ጆሮህን መታህ። ስትዞር ማጅራትህን። ወደቅክ፤ ጠረጴዛው ከነሳህኑ ላይህ ላይ ተገለበጠ። ለመነሣት ሞከርክ፤ እግሩን ደረትህ ላይ አድርጎ ደጋግሞ ሰጠህ። አፍንጫህ ሲሰበር ሰማሁት። ዐይንህ ነጭ ሆነ፤ ራስህን ሳትክ። ከዚህ በኋላ የሆነውን አንተ አታውቀውም፤ ማንም አያውቀውም።

እንደ ሬሳ ጎትቶ ምድጃው ዘንድ ወሰደህ። ቀኝ እጅህን ምድጃው ድንጋይ ላይ ዘረጋና በግራ እጁ አንጓህን ተጭኖ ያዘው። በቀኙ ከመደርደሪያው መዶሻ አወረደ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ሲያስተምርህ የሚያወራበት ድምፅ።

«እስቲ በየትኛው ጣትህ እንደ ሰረቅከኝ እንይ» አለ።

የእሳት መቆስቆሻው ብረት እጄ ውስጥ እንዴት እንደ ገባ አላውቅም። አንጓህን የያዘውን እጁን መታሁት። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። አንተ ዳንክ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ለራሴም ለብዙ ዓመት እዚህ ላይ ነው የማቆመው። ግን ሙርቲ፣ ብረቱን እንደገና አነሣሁት። እጁ ድንጋዩ ላይ ነበር፤ ከድንጋጤ የተነሣ አልሰበሰበውም። ሁለተኛ መታሁት። ሦስተኛም። የመጀመሪያው ለአንተ ነው። ሁለቱ ለእኔ ናቸው፤ ለወናፉ፣ ለሳቁ፣ ላልሰጠኝ ነገር ሁሉ። የጣት አጥንት ሲደቅቅ ድምፁ ሸክላ ሲሰበር ያለው ድምፅ ነው። ደስ አለኝ። ይህን ለቄሱም ተናዝዤ አላውቅም።

አልጮኸም። ቀና ብሎ አየኝና፣ «አንቺ?» አለ፤ በቃ ይህን ብቻ።

ሌና ሄሂር የሳህኑን ኳኳታ ሰምታ ከጎረቤት እየሮጠች ስትገባ ብረቱን ጥዬው ነበር። የወደቀው አንተ አጠገብ ነው።

«የክርስቶስ ያለህ! ታዲ! ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ልጄ» አለ።

ሌና አንተን አየች። እሱ አላረማትም። እኔም አላረምኳት።

ስትነቃ ሌና እላይህ ላይ ቆማ፣ «ምን አደረግክ ሙርቲ? ምን አደረግክ?» ትልህ ነበር። አንተ ብረቱን አየህ፣ እጁን አየህ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ፣ «እኔ ነኝ?» አልክ። የጠየቅከው እኔን ነበር። እኔ ዐይኔን ሰበርኩ። ያን ጊዜ «አይደለህም» ብል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ደብዳቤ አይኖርም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ባት ሊዲና ሁለቱ ጓደኞቹ አጥሩ ጋ ጠበቁህ። እኔ የድንጋዩ አጥር ላይ ቆሜ ነበር፤ ሁሉን አየሁ። «አርባ ዓመት የተገራ እጅ!» ይላል ባት፣ በያንዳንዱ ርግጫ። «አርባ ዓመት! አርባ ዓመት!» አንተ እጅህን እንኳ አላነሣህም። የሚገባህ መስሎህ ነበር። ጥርሶችህን ከጭቃው ውስጥ ለቅመህ በመሐረብህ ስትጠቀልል አየሁህና ቤት ገብቼ ድንች ላጥኩ። በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድክ። ሌና በሯን ዘግታ ቀረች። ልትጋቡ ነበር፤ አውቃለሁ።

እጁን ወጌሻው ቢያሸውም ጠማማ ሆኖ ቀረ። የብርዱን ወራት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በየካቲት አንድ ቀን ዋሽንቱን ከሣጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ቁጭ በይ» አለኝ።

«ለምን?»

«ሌላ እጅ አላስተረፍሽልኝማ!»

ወናፉን ወገቤ ላይ ራሱ አሰረልኝ፤ ማንጠልጠያውን በጥርሱ እየሳበ። ሰባት ዓመት ለመማር፣ ሰባት ዓመት ለመለማመድ፣ ሰባት ዓመት ለመጫወት ነው ይሉ የለ? እኔ ሁሉንም በዱላ ነው የተማርኩት። ዜማውን በአፉ ያንጎራጉርልኛል፤ ጣቴ ከሳተ ዱላው ትከሻዬ ላይ ነው። «ዝጊው! ቀዳዳውን ዝጊው! ይህ ዋሽንት እኮ እንዳንቺ አይደለም፣ አፉን መዝጋት ያውቃል!» አንድ ቀን «አፌን ብከፍትስ?» አልኩት። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ያን ቀን አልመታኝም፤ በማግስቱ ግን ደርቦ መታኝ።

የማይነገር ነገር ልንገርህ፦ ያንን ትምህርት ወደድኩት። ክርኔን ስልቻው ላይ ጫን ሳደርግና ያ ድምፅ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ፣ ማን እንደ መታኝና ማንን እንደ መታሁ እረሳ ነበር። እሱም ይረሳ ነበር። የእማማን እንጉርጉሮ በስምንተኛው ዓመት ሰጠኝ። ተጫውቼ ስጨርስ ጉንጩ ርሶ ነበር። ተነሥቶ በጥፊ መታኝና፣ «ሙርቲ ከዚህ ይበልጥ ይጫወታት ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ስሜ ወጣ። ሰዎች ከሩቅ መጥተው ሊሰሙኝ ተሰለፉ። «የታዲን እጅ ልጁ ቢሰብረውም፣ ዜማውን ልጁ አዳነችው» ይላሉ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ጣቶቼን መቁረጥ ያምረኝ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ቀጣዩን ዜማ እጀምራለሁ።

ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው አንገትጌዬን ጨምድዶ ይዞ፣ «እንዳትናገሪ» አለኝ። «ታዲ ጋርቪን ሴት ልጁ ሰበረችው እንዳይሉኝ።»

«ሙርቲስ?»

«ሙርቲ ወንድ ነው፤ ይችለዋል።»

እጁን ከአንገቴ አላቀቅኩት። ያው ጠማማው እጅ ነበር።

ከቀብሩ መልስ ሰዉ ሁሉ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሻይ፣ ዳቦና የአሳማ ሥጋ፣ ውስኪ። አጫውቺን አሉኝ። እንጉርጉሮዋን ጀመርኩ። ገና መሐሉ ላይ ሳልደርስ ባት ሊዲ ሸምግሎ፣ ቀይ ፊቱ በእንባ ርሶ፣ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ።

«ነፍሱን ይማር! ያን እጅ የሰበረው ውሻ ግን ያለበት ይበስብስ!»

«አሜን» አሉ።

ክርኔን ከስልቻው ላይ አነሣሁ። ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ሞተ።

«ያ ውሻ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መዶሻውን፣ ብረቱን፣ ሦስቱንም ምት። ባት፣ «ትዋሺያለሽ!» ብሎ ብርጭቆውን ወረወረ፤ ቅንድቤን ሰነጠቀው። «በያንዳንዱ ርግጫ አርባ ዓመት ስትል አጥሩ ላይ ሆኜ እሰማህ ነበር፣ ባት» አልኩት። እግሩን ቁልቁል ሲያይ አየሁት። ከዚያ ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

አብራኝ ትጫወት የነበረችው ሌና ቫዮሊኗን አስቀመጠች። ሰዉን እየገፋች መጥታ በጥፊ መታችኝ። ደገመችኝ። ሦስተኛውን ስትሰጠኝ ደሜ እጇን አቀላው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» አለችኝ። «ጎረቤትሽ ሆኜ! ድንችሽን አብሬ እየቆፈርኩ!»

ወጥታ ሄደች። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በሬን ሳታንኳኳ ገባች። ያረጀች ፖስታ በእጇ ይዛለች። ለካ ከሄድክ በሦስተኛው ዓመት ከሊቨርፑል ጽፈህላት ነበር። መልስ አልሰጠችህም፤ ግን አልጣለችውም። እንዳነብ ሰጠችኝ። ወደብ ላይ እንደምትሠራ፣ ከዚያ ወዲህ ዋሽንት ነክተህ እንደማታውቅ፣ የአባቱን እጅ የሰበረ እጅ ዜማ እንደማይገባው ጽፈሃል። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለአባባ ያላፈሰስኩትን ሁሉ።

«ጻፊለት» አለችኝ ሌና። «ለምኚው አላልኩሽም። እንደ ሆነው አድርገሽ ጻፊ።»

ወንድምዓለም፣ እንደ ሆነው ጻፍኩት። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህ እንደገና የሆነ ነገር ልቀማህ ነው የሚሆነው። ዋሽንቱም ቤቱም ያንተ ነው። መጥተህ ውጪ ብትለኝ እወጣለሁ። ባትመጣም እዚህ ደብር ውስጥ ስምህን በክፉ የሚያነሣ ሰው አይኖርም፤ እስክሞት ድረስ በየአዳራሹ፣ ከመጫወቴ በፊት፣ ማን እንደ ሰበረው እየተናገርኩ እጀምራለሁ። ቃሌ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አላስገባሁትም። ሌና ማንንም አላምንም ብላ ራሷ ይዛው ልትሳፈር ነው። «አድራሻው ካልተለወጠ አገኘዋለሁ። ሚስት ካለችው ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ» አለችኝ፤ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ስሟን ሳትነግርህ ነው ወረቀቱን የምትሰጥህ። ጸጉሯ ሸብቷል፤ መነጽርም አድርጋለች፤ ስለዚህ አላወቅካት ይሆናል።

አሁን ማንበብህን አቁምና ቀና በል። ብዙ ቆማለች፤ አስገባት።

እህትህ
ኖኒ ጋርቪ