የእኔና የአንቺ ጠባሳ

ሸሕዲ፣ ጥር 2007 ዓ.ም.

ካርቱም ለምትኖሪው እኅቴ ማህደር፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ለውፍረቴ ጨጓራዬን በቀዶ ጥገና ካስቀነስኩ ወዲህ ሠላሳ ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ተመስገን ነው። አንቺን ይህንኑ ቀዶ ጥገና በካሜራ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ሠርተውሽ በሳምንትሽ ገበያ ወጣሽ። የእኔው ሐኪም ግን በካሜራ ጀምሮ ስላልሆነለት ሆዴን ከፍቶ ጨረሰው። «ውስጡ አንድ ነው፤ የሚለየው በሩ ነው» አለኝ። ስፌቱ ከደረቴ ሥር እስከ እምብርቴ ነው፤ እስካሁን ጀሪካን አላነሣም።

ባለቤቴ ታጠቅ ዘንድሮ ሰሊጥ ጭኖ ሦስቴ እናንተ ዘንድ ተመላልሷል። ትናንት ጠባሳዬን ሳጥብ አየኝና፣ «የማህደር እኮ አምስት ነጥብ ብቻ ነው፤ እምብርቷ ሥር ያለችውማ ጭራሽ አትታይም» አለኝ። እኔ አይቼው አላውቅም።

ልጆቹ አክስታችንን ሳሚልን ይላሉ። ታጠቅ ሰኞ ደግሞ ይመጣል፤ ይህን ደብዳቤ ግን በሌላ ሹፌር ልኬልሻለሁ።

ጤና ይስጥሽ።
እኅትሽ ሰርክአዲስ