ከእናቴ አንገት ላይ የወረደው ታብሌት

ቀን፦ ሰኞ ጠዋት

ለድጋፍ መሣሪያዎች ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከእናቴ የተወሰደው አሮጌ ታብሌት የፊታችን ዓርብ ከመደምሰሱ በፊት እንዲመለስልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች መናገር የማትችል የአንዲት ልብስ ሰፊ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አቁሜ በእናቴ ሱቅ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ይህን በጽሑፍ ያቀረብኩት ፊትዎ ቀርቤ ማስረዳት ስለማልችል ነው። ባለፈው ሳምንት እስከ ቢሮዎ በር ድረስ መጥቼ ነበር። ጥበቃው “ምን ልርዳሽ የኔ ልጅ?” ሲሉኝ “ምንም” ብዬ ተመለስኩ። በቤታችን መናገር የእናቴ ሥራ ነበር። አጻጻፌ ቢበላሽ ይታገሡኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

1. እናቴ ጉሮሮዋን ስትታመም፣ ድምፅ የሚወጣበት ክፍል በኦፕራሲዮን እንደሚወጣ ሐኪሙ አስቀድመው ነገሯት። ያን ጊዜ ቢሮዎ አንድ ታብሌት ሰጠን፤ ለዚህ እስከ ዛሬ እናመሰግናለን። ታብሌቱ ላይ ፎቶ ሲነካ ድምፅ የሚያሰማ ፕሮግራም አለ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ፎቶዎቹን እኔ አነሳሁ፤ ቃሉን እሷ በራሷ ድምፅ ተናገረች። ኦፕራሲዮኑ እስኪደርስ ድረስ ሱቁን ዘግተን እንቀዳ ነበር።

“አመመኝ”፣ “ደከመኝ” የሚሉትን እንድትቀዳ ብለምናት፣ “እሱን ፊቴ ይናገረዋል፤ ቦታ አታባክኚ” አለችኝ። የቀዳችው ሌላ ነው። ለደንበኞች፣ “ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ ሆድሽን ብትስቢ ኋላ ቀሚሱ ያሳብቅብሻል” የሚል አለ። ያልተቆረጠ ጨርቅ ክምር ሲነካ “ሰኞ ይደርሳል” ይላል፤ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን አልቀዳችም። ለትንሹ ወንድሜ “አንተ፣ ጫማህን አውልቅ!” ብላ ቀዳችለት። የእኔ አልጋ ሲነካ “ተነሺ፣ ጨርቁ ራሱን አይሰፋም” ይላል።

2. ታብሌቱ አሮጌ መሆኑን አልክድም። ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ሲከፈትም ይዘገያል። ነገር ግን እናቴ ከጂንስ ቁራጭ ከረጢት ሰፍታ ማንገቻ አበጅታለት ደረቷ ላይ ይውላል። ልብስ ሰፊ ሁለቱም እጇ ሥራ ላይ ነው፤ እሷ ግን ጨርቁን ሳትለቅ በአንድ ጣቷ ትነካዋለች። ድምፁ ከስፌት መኪናው ጩኸት በላይ ይሰማል። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሱቁ እስኪዘጋ ይቆያል። ኔትወርክ አይፈልግም። የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ሰው ሲናገርም እኮ ማንም የይለፍ ቃል አይጠይቀውም።

3. ከሁለት ሳምንት በፊት የቢሮዎ ባለሙያ አሮጌ ታብሌቶችን በአዲስ ለመተካት ወደ ሱቃችን መጡ። እኔ ለደንበኛ ቀሚስ ላደርስ ሄጄ ነበር። የሆነውን የነገረችን ፊት ለፊታችን ያለችው ፀጉር ሠሪ ናት። ባለሙያው ታብሌቱን ከእናቴ አንገት ላይ አውልቀው አዲሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። ፀጉር ሠሪዋ እንዲህ አለችኝ፦ “አንቺ ልጅ፣ እናትሽ እኮ እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛው ነበር! ሰውዬው የምትሰናበተው መስሎት በሁለት እጁ ጨብጧት፣ ‘ምንም አይደል እናቴ፣ ሥራችን ነው’ ብሏት ሄደ። እኔስ ምን ልወቅ፣ ለጥገና የሰጣችሁት መስሎኝ!”

ባለሙያው ትተውት በሄዱት የርክክብ ወረቀት ላይ፣ “ተጠቃሚዋ ምንም ተቃውሞ ሳታሰማ አስረክባለች” ተብሎ ተጽፏል። ተቃውሞ አለማሰማቷ እውነት ነው። የምታሰማበት ዕቃ እሳቸው እጅ ላይ ነበር።

ባለሙያውን ለመክሰስ አይደለም። አዲስ ነገር ይዘው ሊያስደስቱን እንደመጡ አውቃለሁ።

4. አዲሱ ታብሌት መጥፎ ዕቃ ነው አላልኩም። ቁጭ ብሎ ለሚማር ወይም ለቢሮ ሰው ይሆናል። ለእኛ ግን እንደ ትሪ ሰፊ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የጨርቁን ቦታ ይይዛል፣ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ወደ መርፌው ያዘነብላል። ትንሽ ሳይነካ ከቆየ ይቆለፋል፤ ለመክፈት አሻራ ይጠይቃል፤ የእናቴን ጣቶች መርፌ ስለበሳሳቸው አሻራዋን አያውቀውም። ኔትወርክ ሲጠፋ ዝም ይላል። ከሰዓት በኋላ ባትሪው ያልቃል።

ድምፁ ደግሞ የጎልማሳ ወንድ ነው፤ ዜና እንደሚያነብ ሰው ይናገራል። መጀመሪያ ቀን እናቴ ስትነካው አንዷ ደንበኛ፣ “ውይ፣ ሳትነግሪኝ ባል አገባሽ እንዴ?” ብላ ሳቀች። እናቴም ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀች። ትንሹ ወንድሜ ግን “ይሄ ሰውዬ ማነው?” ብሎ አለቀሰ። እናቴ ታብሌቱን በፊቱ ደፋችው፤ የተቆረጠ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

5. አሁን እናቴ ጠረጴዛ በጣቷ ትመታለች፤ እኛም ምን ፈልጋ እንደሆነ እንገምታለን። ስንሳሳት መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ አሁን “ተዉት” በሚል ዓይነት እጇን ታወናጭፋለች። ይሄኛው ነው የሚያስፈራኝ። ደንበኛ ሲመጣ ወደ እኔ ትመለከታለች። እኔ ደግሞ ወደ መሬት። ጠዋት ትከሻዬን ነካ አድርጋ ትቀሰቅሰኛለች። ነቅቼም ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምን እንደምጠብቅ ለእርስዎ መጻፍ ያለብኝ አይመስለኝም።

6. ፀጉር ሠሪዋ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤታችሁ ደውላልኝ ነበር። ሠራተኛዋ “የተሰበሰቡት አሮጌዎች ዓርብ ይደመሰሳሉ፤ ያለ ኃላፊው ትእዛዝ አንዱንም አላወጣም” ብለዋታል። ክቡር ሆይ፣ ድምፁን ሌላ ቦታ አላስቀመጥነውም። ከአንገቷ ስለማይወርድ የሚጠፋ አልመሰለንም። ሌላ ነገር ቢሆን እንደገና ይቀዳል። ይህን የሚቀዳ ሰው ግን ከእንግዲህ የለም፤ እናቴ ፊቴ ተቀምጣ እየሰፋች እያለችም የለም።

ስለዚህ ታብሌቱ እንዳይደመሰስ ለግምጃ ቤቱ ዛሬውኑ ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ፣ ከነከረጢቱም እንዲመልሱልን እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። አዲሱን ለሚጠቅመው ሰው ስጡት፤ ሳይጫር በካርቶኑ አስቀምጬዋለሁ። መመለሱን ደንቡ የማይፈቅድ ከሆነ እንኳ ድምፁ ሳይገለበጥ አይደምስሱብን።

ከሌሎቹ መካከል ለመለየት፣ ከረጢቱ ሰማያዊ ነው፤ ክሩ ቀይ ነው። ሲከፍቱት በመጀመሪያው ረድፍ መጨረሻ ላይ “እምቢ፣ ፀጉሬን አልቆረጥም” ብሎ ከንፈሩን የጣለ የትንሹ ወንድሜ ፎቶ አለ። እናቴ ያን የእምቢታ ቃል ስለምትወደው ጎልቶ እንዲሰማ ሁለት ጊዜ ቀድታዋለች። ከመወሰንዎ በፊት እባክዎ እሱን አንድ ጊዜ ይንኩት። ባለሙያው እጇን ሲጨብጧት እናቴ ልትላቸው የፈለገችውን እርስዎ ይሰሙላታል።

በር ላይ ሳልሰጥዎ ከተመለስኩት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የልብስ ሰፊዋ ልጅ