ሰላሳ ዘጠነኛው አውራ ጣት

ውድ ኖራልባ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ይግባ አይግባ አላውቅም። ስልክሽን ቀይረሻል፤ እኔም አንቺን ብሆን እቀይረው ነበር። አድራሻሽን ያገኘሁት ከእህትሽ ነው፤ እሷም የሰጠችኝ አጥግባ ከሰደበችኝ በኋላ ነው። «እናታችን ጋ ናት። ገበያ ውስጥ ዘይቱንና ሙዝ ትመዝናለች። አንተ ግን ባትጽፍላት ይሻልሃል» አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ የሚሻለውን ነገር አድርጌ አላውቅም።

ማክሰኞ የሙያ ጉባኤው ፊት ቀርቤ ስለ አንቺ መሰከርኩ። የምህንድስና ፈቃድሽ ይመለስልሽ ወይስ ለዘለዓለሙ ይሰረዝ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ውጤቱን ወደ ታች እጽፍልሻለሁ። እዚህ ላይ ብጽፈው የቀረውን አታነቢልኝም፤ የቀረው ደግሞ አሥራ አራት ወር ሙሉ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነው።

ያንን ስልጠና ታስታውሻለሽ? ሴትዮዋ ከዋናው ከተማ መጥታ፣ ሦስት ቀን ሆቴል ውስጥ ተቀምጠን፣ ምሳ በነጻ። «ተሳስሮና ተማምሮ መሥራት» ነበር ርዕሱ። ሁላችንም የሄድነው ለምሳው ነው። አንቺ ግን ደብተር ይዘሽ መጣሽ። ያላለቀ ሥራን ለባልደረባ ማሳየት፣ ያልገባንን ሳይመሽብን መጠየቅ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ ለይቶ ማወቅ፣ የተሳሳተን ሰው ሁሉም በሚያይበት ቦታ በአክብሮት ማረም፤ ሁሉንም ጻፍሽው። እኔ ትከሻሽ ላይ አጎንብሼ «ይሄ እኮ እናቴ ገበያ ላይ የምታደርገው ነው፤ ለዚህም የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል እንዴ?» ስልሽ፣ ቀና ሳትይ «እናትህ ከቻለችው አንተ ምን ያዘህ?» አልሽኝ። እኔም ሳቅሁ።

በሁለተኛው ቀን ሴትዮዋ በክብ አቁማን የሱፍ ክር ጥቅል አወራወረችን። ክሩ ከሰው ሰው ሲሄድ ዶክተር ኦስፒና ቁርጭምጭሚት ላይ ተጠመጠመ። ዶክተር የምንለው ክራባቱን ነው እንጂ ማስረጃውን ያየ የለም፤ ቢሆንም አለቃችን ነው። ስልሳ ሰው እግሩን አየ፣ ስልሳ ሰው ፊቱን ወደ ጣሪያው አዞረ። አንቺ ብቻ «ዶክተር፣ እንዳይወድቁ፣ እግርዎ ታስሯል» አልሽ። እሱም «አይ የኛ ኢንጂነር! ከዓይኗ የሚያመልጥ የለም!» ብሎ ተንከተከተ። እኛም አብረን ተንከተከትን። ከዚያ ወዲያ ስምሽን ትቶ «ያቺ እግር የምታየው» ይልሽ እንደነበር ሰምተሽ ይሆናል።

ከስልጠናው በኋላ የመማማሪያ ገጹ ተከፈተልን። ሰባት ከተማ ተበታትነን ተዳፋት እንዳይናድ የምንጠብቅ ሰዎች በስልካችን አንድ ቦታ ተገናኘን፤ ጥሩ ነገር ነበር እኮ። ታዲያ ምን ጻፍንበት? እኔ ያለቀና የተኳለ ነገር ብቻ፣ ፎቶ ተደርጎበት። በወር በወሩ ብዙ የ‹ወደድኩት› አውራ ጣት ላገኘ ኮከብ ይሰጥ ነበር፤ እኔ አራት ኮከብ አለኝ። አንቺ አንድም አልነበረሽም። አንቺ የምትጽፊው «ይሄ አልገባኝም»፣ «ይሄን አበላሽቼ እንደገና ጀመርኩ» ነበር። ምሳ ላይ «ኖራልባ ዛሬ ደግሞ ምን አላወቀችም?» እያልን እንሳሳቅ ነበር። ቀልዱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። እስከዛሬ ሌላ ሰው ይመስልሽ ከነበረ፣ እኔ ነኝ።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ስለምትጠብቂው ተዳፋት የጻፍሽውን በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «ሳን ኢሲድሮ ላይ የኮረብታውን ውሃ ከሚያወጡት አሥራ ስድስት ማፋሰሻ ቧንቧዎች አሥራ አንዱ ደርቀዋል። ዝናቡ ሦስት ሳምንት አላባራም። ደግ ነው ክፉ? አላውቅም። የሚያውቅ በእናታችሁ ይንገረኝ።»

ዶክተር ኦስፒና በሰባት ደቂቃ መለሰ። «ቧንቧ ደረቀ ማለት ውስጥ ውሃ የለም ማለት ነው። ተዳፋቱ ጤነኛ ነው። በርቺ።» ከሥሩ አውራ ጣቱ ይዘንብ ጀመር። ሰላሳ ስምንት ሲደርስ ስልኬን አነሳሁ። ሰላሳ ዘጠነኛው የእኔ ነው።

እኔ ግን መልሱን አውቀው ነበር፣ ኖራልባ። ጠረጠርኩ አይደለም የምልሽ፣ አውቀው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ላ ፓልማ የሚባል ተዳፋት ላይ እኔም ደረቅ ቧንቧ አይቼ «ደረቅ፣ መልካም» ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ከሳምንት በኋላ፣ እንዲያው ሥራ ፈትቼ፣ ረጅም ዘንግ አንዱ ውስጥ ብሰድ ቀይ ጭቃ ተፈናጥሮ ሸሚዜን አለበሰው። ከጭቃው ኋላ ውሃው ሦስት ቀን ተንፎለፎለ። ተደፍኖ ነበር እንጂ ደርቆ አልነበረም፤ ኮረብታው ሆዱ ውሃ ሞልቶ ለመናድ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው። ሪፖርቱን ቀስ ብዬ ቀየርኩት፣ ሸሚዙን ጣልኩት፣ ለሰው አልተነፈስኩም። ለሚስቴ እንኳ ሸሚዙን አጥር ቀደደው ብያታለሁ። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ያን ጊዜ ተዋርጄ ለሁላችሁ ብናገር ኖሮ አንቺ መጠየቅም አያስፈልግሽም ነበር።

አውራ ጣቴን ካኖርኩ በኋላ ግን ለኦስፒና ለብቻው ጻፍኩ፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምናልባት ተደፍነው እንዳይሆን።» በሰው ፊት ዶክተርን ማረም እኛ ዘንድ ነውር አይደል! እሱም «ጥሩ ሐሳብ ነው ኤቨሊዮ፣ ሰኞ እናየዋለን» አለኝ። እኔም ተነፈስኩ። ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ደወልሽልኝ። ይሄን አንቺም አትረሺውም።

«ኤቬ፣ አየኸው አይደል? ምን ትላለህ?»

«ዶክተሩ መለሰልሽ እኮ።»

«እሱን አነበብኩ። ዶን ኤልፒዲዮ ግን ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ያ ጫማ ሰፊው፣ ከኮረብታው ሥር ያለው። ሁልጊዜ ባልዲ ይዞ የቧንቧዎቹን ጠብታ የሚቆጥርልኝ። ‹ልጄ፣ ይሄ ኮረብታ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጠጣ ሽንት ተከልክሏል። ሽንት የተከለከለ ሰው ዳነ ይባላል እንዴ? እኔን ጠይቂኝ፣ በሰባ ሁለት ዓመቴ አውቀዋለሁ› አለኝ።»

ሳቅን። ሁለታችንም ከልባችን ሳቅን፣ አንቺም እኔም። ከዚያ ሳቅሽን አቆምሽና «አንተ ምን ትላለህ ነው የምልህ። እነዚህን ሰዎች ከቤታቸው ላስወጣቸው ወይስ አላስወጣቸው?» አልሽኝ።

«ዶክተሩ ጤነኛ ነው ካለ...»

«ኧረ በማርያም! እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው።»

«እንግዲህ እሱ ነው አለቃው፣ ኖራ።»

«እሺ» አልሽና ዘጋሽው። ተደፍኗል የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። ምላሴ ላይ ነበረች። ብነግርሽ ገጹ ላይ «ኤቨሊዮ እንዲህ አለኝ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ አውቅሻለሁ፤ ምስጋና መደበቅ አትችይም። ያን ጊዜ ኦስፒና ከጀርባው እንደሄድኩ ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። በቃ ይሄው ነው። ከዚህ የረቀቀ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ኮረብታው ተንዶ ወረደ። ዶን ኤልፒዲዮ፣ ባለቤቱ ዶኛ ኦቲሊያና የተጠገነ ጫማዋን ልትወስድ ጎራ ያለች ጎረቤት ከሥሩ ቀሩ። አንቺ በእጅሽ ጭቃ ስትምሺ የተነሳው ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። እኔ ያን ቀን የልጄ ኳስ ጨዋታ ላይ ነበርኩ፤ ሲደወልልኝ ሜዳው ዳር ተቀመጥኩ። ቀብር ላይ አልመጣሁም። አሞኛል ብዬ ላኩብሽ፣ አንቺም «እግዜር ይማርህ» ብለሽ መለስሽልኝ። እሱን መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም።

ከዚህ ወዲያ የሆነውን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ኦስፒና የሰጠው «አስተያየት እንጂ ትእዛዝ አይደለም» ተባለ። ቦታው ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ቤቶቹን ማስለቀቅ የነበረብሽ አንቺ ነሽ፣ ፈቃድሽም ታገደ። ባለፈው መጋቢት ዶክተሩ ወደ ዋናው ከተማ ተሾመ። ኬክ ቆርጠን ሸኘነው። እኔም በላሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ፤ ማክሰኞ ሄድኩ። ለኦስፒና የላክሁትን መልእክት አትሜ፣ ሱፍ ለብሼ፣ ከቤት ስወጣ ለሚስቴ «ዛሬ ኖራልባን አወጣታለሁ» ብያታለሁ። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን አነበቡና ቀና አሉ።

«ኢንጂነር፣ ቧንቧዎቹ ተደፍነው ይሆናል ብለው ለኃላፊዎ ጽፈዋል?»

«አዎን።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን። ግን ለእሷ አልነገርኳትም። ደውላልኝ ጠይቃኝ ነበር፣ እኔ...»

«በስልክ የተባባላችሁትን የሚያሳይ ማስረጃ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው መዝገቡ የሚያሳየን እርስዎ ተገቢውን መንገድ ተከትለው ማሳወቅዎን ነው። እናመሰግናለን።»

አመሰገኑኝ፣ ኖራ! አንቺን ላወጣ ገብቼ ራሴን አስመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ ያንቺን ጽሑፍ አወጡ። ጮክ ብለው አነበቡት፤ «አላውቅም» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሦስት ሰው በሞተበት ተዳፋት ላይ ኃላፊነት የነበራት መሐንዲስ፣ እንደማታውቅ በገዛ እጇ ጽፋለች። ባልደረባዋ ያወቀውን እሷ አላወቀችም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?»

ተነስቼ «እንድንጠይቅ እኮ ነው የሰለጠንነው! ገጹ የተከፈተው ለዚህ ነው!» አልኩ።  «ይቀመጡ» አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። የላ ፓልማውን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እንዴት እንዳወቅሁ ልነግራቸው፣ እኔም አንድ ቀን እንዳንቺ አላውቅም ነበር ልላቸው። ግን የኔም ፈቃድ አለ፣ ልጆቹ ገና ትምህርት ላይ ናቸው። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ይህንንም ከማንም ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ነው የምጽፍልሽ።

ይግባኝሽ ውድቅ ሆኗል። ፈቃድሽ ለዘለዓለሙ ተሰርዟል። ሌላ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም፤ ጠበቃ ጠይቄያለሁ፣ የለም።

ገጹ አሁንም አለ። ልደት ያከበረ ኬኩን ይለጥፋል፣ አዲስ ግድግዳ ያሠራ ግድግዳውን ይለጥፋል። ከሳን ኢሲድሮ ወዲህ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ አልጻፈበትም። አንድም! ወደ ኋላ እየሄድኩ ቆጥሬያለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ያንቺ ነው። ስልጠናውም ሊደገም ነው አሉ፤ ያቺው ሴትዮ፣ ያው ሆቴል። ስሜን አስመዝግቤያለሁ፣ ግዴታ ነው።

ሐሙስ ዕለት ኤል ሚራዶር የሚባለው ተዳፋት ላይ ወጥቼ ነበር። ከአናቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ አየሁ፣ ወደ ሃያ እርምጃ ይረዝማል። ከሥሩ ያሉት ሰዎች ዝናብ ሲጥል ይጠባል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሰፋል ይላሉ። አፈሩ ሲደርቅ መኮማተሩ ብቻ ነው እንዳልል የታችኛው ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ያለ መሰለኝ። እየተንሸራተተ ነው እንዳልል ደግሞ ከሥሩ ያለው ግንብ ፀጉር የምታህል እንኳ አልተሰነጠቀም። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ገጹ ላይ ጻፍኩት፣ አራት መስመር፣ አንቺ እንደምትጽፊው ቀጥ አድርጌ። አነበብኩት። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ሲያስተካክሉ ታየኝ። አጠፋሁትና ሌላ ነገር ለጠፍኩ፤ ከኮረብታው ላይ የተነሳ የጠዋት ጉም። ሃያ ስድስት አውራ ጣት አገኘ።

ከስንጥቁ በታች አርባ ስድስት ቤት አለ። ዝናቡ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠነክራል እያሉ ነው። አንቺ እንዲህ ያለ ስንጥቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰዎቹን ላስወጣቸው ወይስ አላስወጣቸው? ስልኬ ያው ነው። አንቺን መጠየቅ እንደማይገባኝ አጥቼው አይደለም። ባትመልሺልኝም አልፈርድብሽም። አርባ ስድስቱ ቤቶች ግን ምንም አላደረጉሽም፣ ኖራ።

በፊትሽ ሊቆም የማይደፍር፣
ኤቨሊዮ