አርባ ወይስ ሰማንያ

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ዛሬ ደግሞ ደረጃ ስወጣ ቀኝ እግሬን ማስቀደሜ ተመዘገበብኝ። የባለቤቴ አክስት እትዬ ጥሩዬ ከዛሪማ ከመጡ አራት ቀናቸው ነው፤ ባዩኝ ቁጥር ምልክት ያነብቡብኛል። እስካሁን የተባልሁት፦ ሆዴ ሾጠጥ ብሏል፤ ወንድ። ቀኝ እግር፤ ወንድ። ፊቴ ማዲያት አውጥቷል፤ ሴት፣ ያውም የእናቷን ውበት የምትቀማ።

የትኛው ምልክት እንደሚጸና ጠየቅኋቸው።

«ምነው፣ እኔ ዳኛ ነኝ? ሁለቱም ሸጋ ነው። ብቻ ሰባቱን የወንድ እልልታ ጉሮሮዬ ላይ ይዤ መጥቻለሁ። ሴት ከሆነች ሦስቱን እልና አራቱን ይዤ እመለሳለሁ።»

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ጾታ በፅንሰት ቅጽበት እንደሚወሰን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በአልትራሳውንድ የሚያዩትን እንዳይነግሩኝ የጠየቅሁትም በመርሕ ነው፤ ልጅ ሳይመረጥ መቀበል አለበት። ታዲያ ይህን ዝርዝር ለምን ያዝሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መጻፉን አፍሬ ነው።

የአማቴ የመሪጌታ ልብ ደክሟል። ሐኪሙ ወር አልቆጠረልንም፤ «አብራችኋቸው ቆዩ» ብቻ አለ። እርሳቸው የሚመኙት አንድ ነገር ነው፦ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባገለገሉበት በቁስቋም የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሲነሣ ማየት። የምወልደው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ወንድ በአርባ ቀን ይጠመቃል፤ ሴት በሰማንያ። ወንድ እንዲሆን የምመኘው ለዚህ ነው እንጂ ሴትን አሳንሼ አይደለም። ሆዴ ውስጥ ያለችው ሴት ብትሆን ግን ይህን ትረዳልኛለች?

የጠዋቱን መድኃኒታቸውን ዛሬም አልዋጡም። ጾም ነው ይላሉ። የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸዋል፤ እርሳቸው ለራሳቸው አልፈቀዱም። የሚወስዱት የማታውን ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

መርሔን አፈረስሁ። ለክትትል ሄጄ ሐኪሟን ጾታውን ጠየቅኋት። መሣሪያውን ወዲህ ወዲያ አለችው፤ ልጁ እግሮቹን አጣምሯል፣ አይታይም። ከፒያሳ በባጃጅ ስመለስ እፍረትና ሳቅ ተቀላቀሉብኝ።

ቤት ስደርስ መሪጌታ በደስታ ጠሩኝ። በተማሪነታቸው ዘመን ከጓደኞቻቸው የለመዱትን የስም ሒሳብ ሠርተዋል። የእናትና የአባት የክርስትና ስም ፊደላት በቁጥር ይደመሩና ሰባት ሰባት እየተቀነሰ ይገደፋሉ፤ ጎዶሎ ከቀረ ወንድ፣ ሙሉ ከቀረ ሴት። አምስት ቀርቷል።

«ወንድ ነው፤ አርባ» አሉኝ። «ለንስሐ አባቴ እንዳትነግሪብኝ፤ አርባ ስግደት ያሸክሙኛል።»

እትዬ ጥሩዬ እልልታውን ሊለቁት ምንም አልቀራቸው።

ወረቀቱን አየሁት። የእናት ስም ወለተ ማርያም ይላል። እኔ ወለተ ኪዳን ነኝ። ወለተ ማርያም የሟች ባለቤታቸው ስም ነው።

ጓዳ ገብቼ በራሴ ስም ደግሜ ቆጠርሁ። አራት ቀረ። ሴት። የማላምንበትን ሒሳብ ለምን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ እቆጥራለሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ነገርኋቸው። ጠዋት ነው፣ እትዬ ጥሩዬ ገበያ እንደሄዱ። ዝም ብል ኖሮ ደስታቸው ይቆይላቸው ነበር፤ የተሳሳተ ነገር አይቶ ማለፍ ግን አልችልበትም። ምናልባት ይህ በጎነት አይደለም።

በወረቀቱ ላይ የእናትን ስም በጣታቸው ተከትለው አነበቡት።

«ወለተ ማርያም» አሉ ቀስ ብለው። «እጄ የለመደውን ጻፈ። በአንቺስ ስንት ቀረ?»

«አራት።»

«ሙሉ ነው። እንግዲያ ሰማንያ ነዋ።»

ሒሳቡ ምንም እንደማያውቅ፣ ሐኪሟም እንዳላየች ነገርኋቸው። የሰሙኝ አይመስለኝም። በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት።

«እኔ የተሰናዳሁት ለአርባ ነበር» አሉ። «ሰማንያ ከሆነማ በማታው ብቻ አልደርስም። የጠዋቱን መድኃኒት አቀብይኝ።»

ከቁራሽ ዳቦ ጋር ሰጠኋቸው። አማትበው ዋጡት።

ስሕተት ማረሜ ይሁን ሌላ ስሕተት መትከሌ አልገባኝም። ይህን ስጽፍ ልጁ፣ ወይም ልጅቷ፣ በግራ በኩል ረገጠኝ። ግራ የማን ምልክት እንደሆነ ማንንም አልጠይቅም። የማስበው ነገ ጠዋትም ይውጡት እንደሆነ ነው።