«ለእናቴ» የተባለው ካርቶን

ይድረስ ለወንድሜ ለአልአዛር፤

እንዴት ነህ ወንድምዓለም? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ጨጓራስ እንዴት ሆነልህ? ሜሪስ ወገቧን ተሻላት? አሞጽ ትምህርት ቤት ገባ ሲሉኝ ማመን አቃተኝ፤ እኔ እንደሆነ ልጁን የማውቀው በፎቶ ነው። እኛ ጌታ ይመስገን አለን። ደህና ነን ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን ደህና መሆን አለመሆናችንን ደብዳቤውን ስትጨርስ አንተው ፍረድ።

በዚህ በስልክ ዘመን ምን ደብዳቤ ያስጽፋታል ትለኝ ይሆናል። ስልክ በደወልኩልህ ቁጥር እማዬ አጠገቤ ናት። ስምህን ከሰማች ድምፁን ከፍ አድርጊው ትላለች፤ ከፍ ካደረግሁት በኋላ ደግሞ ምን እላለሁ? «አዎ፣ እሺ፣ ሜሪን ሰላም በልልኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ዛሬ የጸሎት ቡድኗ ጎረቤት ተሰብስቦ እሷም እዚያ ናት። በመሐል እየተነሣሁ መጣች አልመጣች እያልኩ በር በር ስለማይ ጽሑፌ ቢዘበራረቅብህ አትፍረድብኝ። ሰሞኑን እንዲሁም ቢሆን መቀመጥ አልሆነልኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። መስከረም 27 ቀን ደውለህ ካርቶኑን ለብሩክ ሰጥቼዋለሁ፣ ነገ ማታ ሚዛን ይገባል አልከኝ። የብሩክን ስልክና የአውቶቡሱን የሰሌዳ ቁጥር ሰጠኸኝ፤ ረዳት ነው፣ የታመነ ልጅ ነው ብለህ። የእማዬ የዓይን ጠብታ ያን ቀን ሊያልቅ ጠርሙሱ ሥር ደርሶ ነበር። የጅማው ሐኪም ያለውን ታውቃለህ፤ የዓይን ግፊት አንዴ የወሰደውን አይመልስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፣ ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘለል። የግራ ዓይኗ ከሄደ ቆየ። የቀረችን የቀኟ ናት። እዚህ ሚዛን ያልጠየቅሁት መድኃኒት ቤት የለም፤ የለንም፣ አልቋል፣ ከአዲስ አበባ አስልኪ ነው መልሱ።

በማግስቱ ማታ መናኸሪያ ወጣሁ፣ አውቶቡሱ የለም። ብሩክ በስልክ ቦንጋ ነን፣ ጠዋት እንገባለን አለኝ። ጠዋት ወጣሁ፤ ከሰዓት አለ። ከሰዓት ወጣሁ፤ ነገ አለ። በአራተኛው ቀን ስልኩን አጠፋው። ከዚያ ወዲያ እኔ ከቤት ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ቤት ነኝ፤ ወጥ ጥጄ ረስቼ እሮጣለሁ፣ ያርራል። ጫኝ አውራጆቹ ምን የተጻፈበት ነው ሲሉኝ «ለእናቴ» የሚል እላቸዋለሁ፤ አንተ እንደዚያ ብዬ ጻፍኩበት ብለኸኝ ነበራ። ሰነባብቶ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ለእናቴ መጣች» ይባባሉ ጀመር። መጀመሪያ አብሬያቸው ሳቅሁ፤ በኋላ ግን አንዱን በጃንጥላ ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ። ባሌም እንዳቅሙ አልማረኝም፤ መናኸሪያው ደመወዝ ይቁረጥልሽ ይለኛል ገሠሠ።

አንተስ ግን አልአዛር፣ «ለእናቴ» ብሎ አድራሻ ምንድን ነው? በዓለም ላይ ያለችው እናት አንዲት ይመስል። ስሟን፣ የኔን ስም፣ ሚዛን ተፈሪ ብሎ መጻፍ ምን ያህል ያደክማል? ስልኬን በእስክሪብቶ ጫር አድርገህበታል፤ የአገርህን ዝናብ ረሳኸው እንዴ? ካርቶኑ ውስጥም ሁለት መስመር ወረቀት አልነበረም። ሰው ለእናቱ ሲልክ «እማ፣ ደህና ነኝ» እንኳ አይልም?

በፖስታ ላክ እንዳልልህ ደግሞ አምና የመነጽሯን ነገር ሁለታችንም አንረሳውም። የፖስታ ቤቱ መጥሪያ በቤተ ክርስቲያናችን ፖስታ ሣጥን ገብቶ ሁለት ወር ሙሉ ተኛ፤ ቁልፉ ሽማግሌው ኪስ ውስጥ፣ ሽማግሌው ለአገልግሎት ማጂ። ሲመለሱ ለካስ እኔው ጋ ነበር ብለው ሳቁ፣ እኛም ሽማግሌ ናቸውና አብረን ሳቅን፤ መነጽሩ ግን ወደ ላኪው ተመልሶ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ብሩክን ራሱን መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት። ሊሸሸኝ ዞር ሲል ቀደምኩት። ለካስ መኪናቸው ያን ጊዜ ቦንጋ ላይ ተበላሽቶ ተሳፋሪውም ዕቃውም ባገኘው መኪና ተከፋፍሎ ኖሯል፤ ካርቶናችን የቴፒ መኪና ላይ ሳይጫን አልቀረም አለኝ። ለምን ያን ዕለት አልነገርከኝም ብዬ ስጠይቀው፣ እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው አለ። እኔም ያን ያህል ቀን ያጠራቀምኩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አወረድኩበት። ከዚያ ቤት ሳልመለስ፣ የገበያ ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ፣ የቴፒ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሸኮ ላይ ሾፌሩ ሙዝ ሊገዛ ወርዶ ዋጋ ሲከራከር ጨመርኩበትና እኔው ከፈልኩለት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያየኝ ምን ሆና ነው ሳይል አይቀርም።

ቴፒ መናኸሪያ በር ላይ ሬድዋን የሚባል ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው አለ። ባለቤት ያጣ ዕቃ ሁሉ እሱ ኪዮስክ ነው የሚቀመጠው። ስለ ካርቶኑ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ አወቀው። አምስት ቀን እሱ ጋ ተቀምጦ ነበር፤ ቁጥሩን ዝናብ አጥቦት የቀረው ጽሕፈት «ለእናቴ» የሚለው ብቻ ነበር። ከፍቶ ሲያይ መድኃኒት፤ መድኃኒት ደግሞ ይቆይ አይባልም። ስለዚህ ሙዝ ሻጮቹንም ጫኞቹንም ሰብስቦ፣ እዚህ ሰፈር አዲስ አበባ ልጅ ያላት እናት ማን ናት ብሎ ጠየቀ። ሁሉም በአንድ አፍ እማማ ካሰች አሉ። ዳንኤል የሚባል አንድ ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ድምፁ ከጠፋ ሰባት። ሬድዋን ኪዮስኩን ዘግቶ ካርቶኑን ተሸክሞ ራሱ አደረሰላቸው። ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። ልጣላው መጥቼ የምጣላበት አጣሁ።

ቤታቸው ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ደጃቸው ላይ ቀይ ቡና አስጥተው አረንጓዴውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ያ ለእማዬ የላክኸው ወፍራም ሹራብ ገላቸው ላይ ነው። የቴፒን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ላቡ በግንባራቸው ይወርዳል፣ እሳቸው ግን እጅጌውን እንኳ አልሰበሰቡትም። ስለ ካርቶኑ ነው የመጣሁት ከማለቴ ከልጄ ዘንድ መጣሽ ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመው ልጄ በሕይወት አለ ብለው መስክረዋል፤ እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ነበር አሉኝ። ጠብታውንም ጎረቤት ያለች ተማሪ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብባላቸው ጠዋትና ማታ ያደርጉታል። ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ ብላቸው፣ የለም፣ ግን ልጄ ካለ ያውቃል አሉኝ። አንዱ ጠርሙስ ሊያልቅ ደርሷል። ሁለቱ እንደታሸጉ መደርደሪያው ላይ አሉ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልዋሽ ነበር። ግማሹ ለእኔ እናት ነው፣ አብሮ ነው የተላከው ብዬ ሁለቱን ጠርሙስ ይዤ ልወጣ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን ይጠይቁኝ ጀመር። ከሳ ወይስ ወፈረ? ጠጉሩ ሸበተ? ሲስቅ እንደ ድሮው ነው? የዳንኤልን መልክ ስለማላውቅ የአንተን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ፣ ጠጉርህ ይሸብት አይሸብት አላውቅም። ከሳህ እንደሆነ አላውቅም። አምስት ዓመት ሙሉ ድምፅህን ብቻ ነው የማውቀው። እንባዬ ቀደመኝና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ላኪው ወንድሜ እንደሆነ፣ ተቀባይዋ እናቴ እንደሆነች፣ ዓይኗ ሊጠፋ እንደሆነ።

እማማ ካሰች እኔን አልተቆጡኝም፣ ሬድዋንንም አልረገሙትም። ተነሡና ሹራቡን አወለቁ፤ አጣጥፈው ከሁለቱ ጠርሙስ ጋር ካርቶኑ ውስጥ መለሱት። ያፈሰስኩባትን እናትሽ ይቅር ትበለኝ አሉ። ሹራቡ ይቅርልዎ ብዬ ለመንኳቸው፤ የሰው ልጅ ለእናቱ የላከውን አልለብስም አሉ። በሚመጣው እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ የኔ እንዳልነበረ እናገራለሁ፣ በጌታ ቤት የተናገርኩት ውሸት ሆኖ አይቀርም አሉኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሩ ድረስ ሸኝተውኝ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ወንድምሽ ከመጣ ስንት ዓመቱ ነው አሉኝ። አምስት አልኩ። መንገድ ተዘግቶበት ነው? አይደለም። ታሞ ነው? አይደለም። እንግዲያስ እናትሽም እንደ እኔው ናት፣ እሷ ካርቶን ስለሚመጣላት አላወቀችውም እንጂ፤ ብለውኝ ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ቃላቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስቀምጠኝ አለ። ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ታቅፌ ስመለስ፣ ያን ያህል ቀን እንደ እብድ የሮጥኩለት ዕቃ ክብደቱ ምንም አልነበረም። ለእማዬ ጠብታውን ያን ማታ አደረግሁላት። ሹራቡን ስታሸተው አልአዛር መርጦ ነው የገዛልኝ አለች፤ የሌላ እናት ላብ እንዳለበት አልነገርኳትም። አሁንማ ከጎን የሚመጣ ሰው አይታያትም። እስኪናገር ድረስ ማን እንደሆነ ስለማታውቅ ለገባው ሁሉ ፈገግ ትላለች። ጠብታ ባጣችባቸው ቀናት ምን ያህል እንደጎደለባት አልነግርህም፤ ራሷም አትናገርም። ግን የቤት ዕቃ ይጋጫታል።

አልአዛር፣ እኔ አልወቅስህም ብዬ አልዋሽም፤ እወቅስሃለሁ። ለቡና ለቀማ እመጣለሁ ብለህ ነበር፣ ከዚያ ለገና፣ ከዚያ አሞጽ ከፍ ሲል። አሞጽ ይኸው ተማሪ ሆነ። ሥራ ይበዛል፣ ኑሮ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ የምትልከውም ከጉሮሮህ ነጥቀህ ነው። ግን ሐኪሙ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው ያለው ለምን እንዲቆይላት ይመስልሃል? የኔን ፊት በየቀኑ ታየዋለች። የምትጠብቀው የአንተን ነው።

የዳንኤልንም ነገር አደራ እልሃለሁ። እንደሄደ ሰሞን መርካቶ አካባቢ ዕቃ ይሸከም ነበር አሉኝ፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት። በሕይወት ካለ እናቱ ቡና እየለቀሙ እንዳሉ የሚነግረው ሰው ያግኝ።

ለሜሪ የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ወገቧን ካልተሻላት ውኃ አትቅዳ፣ አንተ ቅዳ። አሞጽን አክስትህ ንጋቷ የተባለች አለች ብለህ ሳምልኝ። ገሠሠ በጣም አድርጎ ሰላም ይልሃል። ልጄ ህሊና ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ አጎቴ መልኩ አሁን ምን ይመስላል ትለኛለች። እማዬ ይሄን ደብዳቤ እንደጻፍኩ አታውቅም፤ ብታውቅ ግን ልጄን ስሚልኝ ነው የምትለው። እየመጣች ነው፣ ከዘራዋ ደጅ ላይ ይሰማኛል።

ያመጣኋቸው ሁለት ጠርሙሶች እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያደርሷታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለብሩክም ለማንም አትስጥ። ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ና። መናኸሪያ ቆሜ የምጠብቀው ካርቶን ከእንግዲህ የለኝም፤ የምጠብቀው ሰው ነው።

እህትህ ንጋቷ

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.